ፍሪጃችሁን ክፈቱ፤ ታሪክ አለበት

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ሰንበትም ስለሆነ ቡናችሁን ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አንብቡት። (ዓመታቱን የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ የእኛ ሲሆን "ዓ.ም." እላለሁ።)

ታሪክ ሳስተምር ሁሌም የሚገጥመኝ ነገር አለ። ተማሪ ታሪክ ማለት ንጉሥ፣ ጦርነትና ውል ብቻ ይመስለዋል። ከእናቱ ወጥ ቤት ውስጥ ታሪክ አለ ብትለው ይስቃል። እኔ ግን የአንድ ቤት ፍሪጅ ከብዙ መጻሕፍት ያላነሰ ይናገራል ባይ ነኝ። ቤቱ ምን ይበላል፣ መቼ ይጾማል፣ ማን ታሟል፣ ማን ውጭ አገር አለው፣ መብራት ስንት ጊዜ ይጠፋል፣ ከጎረቤት ጋር እንዴት ይኖራል፤ ሁሉም እዚያች ነጭ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። እስቲ አብረን እንየው።

፩. ፍሪጅ ሳይኖር

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ምግብ የሚበላሸው ዓይን የማያያቸው ፍጥረታት ስለሚራቡበት ነው። ለመራባት ደግሞ ውሃ ይፈልጋሉ፣ ሙቀት ይፈልጋሉ፣ ጊዜ ይፈልጋሉ። ፍሪጅ ከሦስቱ አንዱን ብቻ፣ ሙቀቱን፣ ነው የሚነሳቸው። አያቶቻችን ሙቀቱን መንሳት አልቻሉም፤ ስለዚህ በሌላው በር ገቡ።

ውሃውን ነሱት። ቋንጣ ማለት ይኸው ነው። ሥጋው በቀጭኑ ይዘለዘላል፣ ጨውና በርበሬ ይታሻል፣ ነፋስ ባለበት ገመድ ላይ ይሰቀላል። ጨው ከውስጥ ውሃ ይስባል፣ ነፋሱ ያደርቃል፣ የወጥ ቤቱ ጢስ ደግሞ ዝንብ ያርቃል። ድርቆሽም እንደዚሁ ነው፤ የተረፈ እንጀራ ሳይሻግት ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ከዚያ ወራት ይቆያል። ቆሎ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ሁሉም የአንድ እውቀት ልጆች ናቸው። የድሮ ዘማችና ነጋዴ ስንቅ ይሄ ነበር። ጨው ራሱ እንዴት ውድ እንደነበረ ደግሞ ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ይመሰክራል፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር።

አንዳንዱን ደግሞ ሆን ብለው አኮመጠጡት። የእንጀራ እርሾ፣ እርጎ፣ ጠላ፣ ጠጅ። በደቡብ ያሉ ወገኖቻችን ከእንሰት የሚገኘውን ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩታል፤ እዚያው እየበሰለ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይቆያል። ልብ በሉ፣ ሌላው ዓለም ምግብ እንዳይለወጥ ሲታገል እነሱ ለውጡን ራሱን አሠሩት። ጥሩዎቹ ፍጥረታት ቀድመው ከገቡ ለመጥፎዎቹ ቦታ የለም።

ቅቤ ሲነጠር ምን እንደሚሆን አስባችሁ ታውቃላችሁ? ውሃው ይተናል፣ አጓቱና ደቃቁ ከሥር ይቀራል፣ ንጹሑ ስብ ብቻ ይወጣል። ውሃ ከሌለ ደግሞ ቶሎ መበላሸት የለም። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ በሶብላው፣ አብሹ መዓዛ ብቻ አይደለም፤ ቅቤው ቶሎ እንዳይበላሽም ያግዛል። ወተት የሚገባበት ቅል ደግሞ በወይራ ጢስ ይታጠናል። እኛ "ለጣዕሙ ነው" እንላለን፤ ነገር ግን ጢሱ ዕቃውን ያጸዳል፣ ወተቱም ቶሎ እንዳይበላሽ ያደርጋል። ቦረና ውስጥ ወተት አቆይቶ መጠጣት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው።

ይሄ ሁሉ እንግዲህ ማንም የምርምር ወረቀት ሳይጽፍ በእናቶች እጅ ከትውልድ ትውልድ የተላለፈ ኬሚስትሪ ነው። ክፍል ውስጥ ይሄን ስናገር ልጆቹ ፊታቸው ይለወጣል። "ቲቸር፣ እማዬ ሳይንቲስት ናት ማለት ነው?" ያለችኝ ተማሪ አለች። አዎ፣ ናት።

፪. ሥጋ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም

እህል ይቀመጣል። ጎተራ አለ፣ ጉድጓድ አለ። ስለዚህ በአገራችን ታሪክ ሥልጣን የቆመው እህል ላይ ነው፤ ገባሩ ያስገባል፣ ጌታው ያከማቻል። ሥጋ ግን አይጠብቅም። በሬ ከታረደ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል።

ታዲያ ሥጋን የሚያቆይ ዘዴ ቋንጣ ብቻ አልነበረም። ትልቁ ዘዴ ሰው ነበር። የድሮው ግብር እኮ በዚህ ዓይን ሲታይ ሌላ ትርጉም አለው። በዳግማዊ ምኒልክ ግቢ አዳራሽ በአንድ ቀን በሺዎች የሚቆጠር ሰው በየማዕረጉ፣ በየተራው እየገባ ይበላ ነበር። ጥሬ ሥጋው በዕለቱ ታርዶ በዕለቱ ያልቃል። ማስቀመጥ የማይቻለውን ነገር በሰው ሆድ ታስቀምጠዋለህ፤ ሰውየው ደግሞ ታማኝነቱን ይመልስልሃል። የጌታ ትልቅነት የሚለካው ባስቀመጠው ሥጋ ሳይሆን ባበላው ሰው ነበር።

በተራው ሰው ደረጃ ደግሞ ቅርጫ አለ። አንድ ቤተሰብ ለብቻው በሬ አርዶ መጨረስ አይችልም። ስለዚህ ጎረቤት ተሰብስቦ ያዋጣል፣ በሬ ይገዛል፣ ይታረዳል፣ ሥጋው በእኩል መደብ መደብ ይደረጋል፣ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ዕጣው ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ ማንም ማንንም እንዳይጠረጥር ነው። ቤት ሲገባ ደግሞ ሥጋው በቅደም ተከተል ይበላል። ቶሎ የሚበላሸው ይቀድማል፤ ጉበቱና ጨጓራው ለዱለት፣ ብርንዶው በጥሬው፣ ከዚያ ጥብሱና ቅቅሉ፣ የቀረው ተዘልዝሎ ቋንጣ። የበዓላችን የምግብ ተራ በአብዛኛው የሥጋው ሰዓት ያወጣው ፕሮግራም ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ፍሪጅ በማይኖርበት ዓለም ትርፍ ምግብ ያለው ሰው ሁለት ምርጫ ነበረው። ወይ ያደርቃል፣ ወይ ያካፍላል።

፫. በረዶ የሸጠው ሰው

አሁን ወደ ባሕር ማዶ እንሻገር። በ1806 ፍሬደሪክ ቱዶር የሚባል የቦስተን ወጣት ከአሜሪካ የክረምት ሐይቆች በረዶ ቆርጦ መርከብ ላይ ጭኖ ወደ ካሪቢያኗ ማርቲኒክ ደሴት ላከ። ሰው ሳቀበት። መጀመሪያ ከሰረ፣ በዕዳም ታሰረ። እሱ ግን አልተወም። በረዶውን በሰጋቱራ መሸፈን እንዳይቀልጥ እንደሚያደርግ አወቀ። በ1833 ከቦስተን የተነሳ መርከብ አራት ወር ተጉዞ ህንድ ካልካታ ሲደርስ ከጫነው 180 ቶን በረዶ ከግማሽ በላዩ ሳይቀልጥ ደረሰ። የሐይቅ በረዶ በነጻ፣ ሰጋቱራው የእንጨት መሰንጠቂያ ቆሻሻ፤ ከሁለት ዋጋ ቢስ ነገር ሀብት ሠራ ማለት ነው።

በረዶን በማሽን ለመሥራት ከደከሙት አንዱ ደግሞ ነጋዴ ሳይሆን ሐኪም ነበር። ጆን ጎሪ ይባላል፤ ፍሎሪዳ ውስጥ በትኩሳት የሚሠቃዩ ሕሙማኑን ክፍል ለማቀዝቀዝ ብሎ ነው የጀመረው። በ1851 የፈጠራ መብት አገኘ። ገንዘብ የሚያወጣለት ግን አላገኘም፤ ከአራት ዓመት በኋላ ደህይቶ ሞተ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ያራመዱት በዋናነት የቢራ ጠማቂዎችና የሥጋ ነጋዴዎች ናቸው። ጀርመናዊው ካርል ፎን ሊንደ በ1870ዎቹ የማቀዝቀዣ ማሽኑን የሠራው ለቢራ ፋብሪካ ነው። በ1882 ደግሞ "ደኒዲን" የተባለች መርከብ የበረደ የበግ ሥጋ ጭና ከኒውዚላንድ ተነስታ ሦስት ወር ያህል ተጉዛ ለንደን ገባች፤ ሥጋውም ደህና ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥጋ መጠበቅ ቻለ። የለንደን ሠራተኛ ዓይቶት የማያውቀውን አገር በግ መብላት ጀመረ።

፬. ወጥ ቤት የገባው መርዝ

የቤት ፍሪጅ በስፋት የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1910ዎቹ ጀምሮ ተሞከረ፤ በ1927 ጄኔራል ኤሌክትሪክ ያወጣው፣ ማሽኑ አናቱ ላይ እንደ ቆብ የተቀመጠው ፍሪጅ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

እንዴት ነው የሚሠራው? ክፍል ውስጥ ሳስረዳ ሁሌ የምጀምረው ከእንስራ ነው። የሸክላ እንስራ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? ሸክላው ያልባል፣ ላቡ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ፍሪጅም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ የሚተነው ፈሳሽ ቱቦ ውስጥ የተዘጋ መሆኑና ሞተር መልሶ እየጨመቀ ደግሞ ደጋግሞ ማስተነኑ ነው። ፍሪጅ ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ ሙቀት ከውስጥ እያወጣ በጀርባው ይጥላል። ጀርባውን በእጃችሁ ብትነኩት የምግባችሁን ሙቀት ታገኙታላችሁ።

ችግሩ ያ ፈሳሽ ነበር። በዚያ ዘመን የሚጠቀሙት አሞኒያ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ሜቲል ክሎራይድ ሁሉም መርዝ ናቸው። ቱቦው ካፈተለከ ቤተሰብ በተኛበት ይሞታል። በርሊን ውስጥ እንዲህ ያለ አደጋ ጋዜጣ ላይ ያነበበው አልበርት አንስታይን፣ አዎ ያው አንስታይን፣ ከወዳጁ ሊዮ ዚላርድ ጋር ሆኖ የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው፣ የማያፈስ ፍሪጅ ነድፏል። በ1930 የአሜሪካ የፈጠራ መብት አግኝተውበታል፤ ገበያ ግን አልወጣም። ምክንያቱም በዚያው ዓመት ቶማስ ሚድግሊ ፍሪዎን የተባለውን ጋዝ ለዓለም አሳየ። በአደባባይ ራሱ ስቦ ወደ ውስጥ አስገባውና በትንፋሹ ሻማ አጠፋበት። አይመርዝም፣ አይቃጠልም! ዓለም እልል አለ።

አርባ ምናምን ዓመት አለፈ። በ1974 ሮውላንድና ሞሊና የተባሉ ሳይንቲስቶች ይሄው የዋህ ጋዝ ሰማይ ወጥቶ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀንን የኦዞን ሽፋን እንደሚበላ አስታወቁ። በ1987 ዓለም ሞንትሪያል ላይ ተሰብስቦ ጋዙን ቀስ በቀስ ለማስቀረት ተስማማ። ለተማሪዎቼ ይህን የምነግራቸው ለምን መሰላችሁ? ቤት ውስጥ የማይገድል ነገር ሰማይ ላይ ሊገድል እንደሚችል፣ ደግሞም ሰዎች ከተስማሙ የተበላሸውን ማስተካከል እንደሚችሉ ለማሳየት ነው። የኦዞኑ ሽፋን ዛሬ እያገገመ ነው።

፭. ወደ እኛ ቤት

ፍሪጅ ብቻውን አይመጣም። መብራት ይፈልጋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም. ነው። የቆቃ ግድብ ኃይል ማመንጨት የጀመረው በ1960 ነው። ቀዝቃዛ ሆኖ የሚጠጣውም ነገር እንደዚሁ ቀስ በቀስ መጣ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1922 ተመሠረተ፣ አምቦ ውሃ በ1930 መታሸግ ጀመረ፣ ኮካ ኮላ በ1959 ገባ። ወተቱም ታሪክ አለው፤ በ1947 ከጦርነቱ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና መልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት በኩል 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ገቡ፤ የአዲስ አበባ ዘመናዊ የወተት ሥራ ከዚያ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ነው ወተት ከላሟ ባለቤት እጅ ወጥቶ በፌስታል ታሽጎ፣ በፍሪጅ አድሮ ወደ ማያውቀው ሰው ቤት መግባት የጀመረው።

በብዙ ቤት ፍሪጅ መጀመሪያ የገባው ወጥ ቤት ሳይሆን ሳሎን ነበር። ዳንቴል ለብሶ፣ አናቱ ላይ የፕላስቲክ አበባና የሠርግ ፎቶ ተቀምጦበት፣ ከቡፌው ጎን። እንግዳ ያየዋል። አንዳንዱ ቁልፍም ነበረው፤ ቁልፉ በእመቤቲቱ መቀነት። ይሄ ቀልድ ይመስላል፤ ግን ምግብ የሚቆለፍበት ዕቃ ቤት ውስጥ ሲገባ በባለቤትና በሠራተኛ፣ በአባወራና በልጆች መካከል አዲስ ድንበር ተሠመረ ማለት ነው። ጎተራ ድሮም በር ነበረው፤ የተሠራ ወጥ ግን ቁልፍ አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ ፍሪጅ በየቤቱ የገባበትን መንገድ ጠይቁ። ከብዙ ቤት የምትሰሙት መልስ አንድ ነው፦ "ልጄ ከዓረብ አገር በላከችው ብር።" ቤይሩት፣ ጅዳ፣ ዱባይ የሰው ፍሪጅ ስትወለውል የኖረች ልጅ ለእናቷ መጀመሪያ የምትገዛው ፍሪጅ ነው። ያንን ፍሪጅ ሳይ እኔ ዕቃ አይደለም የሚታየኝ፤ የስንት ዓመት ወጣትነት ነው።

፮. የተማሪዎቼ ዝርዝር

ባለፈው ዓመት ለተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። "ቤታችሁ ፍሪጅ ካለ ከላይ እስከ ታች ምን እንዳለ ጻፉ። ከሌለ ደግሞ ቤታችሁ ምግብ እንዴት እንደሚቆይ ጻፉ።" የማስተምርበት ከተማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ሙቀት አይጠፋም። ወረቀቶቹን ሌሊት ሳነብ አደርኩ።

በብዙ ፍሪጅ ውስጥ በብዛት የነበረው ምግብ አልነበረም። ውሃ ነው። በሃይላንድ የተሞላ የቧንቧ ውሃ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ፍሪጅ ግማሹ ጎተራ ነው። ከእነሱ መሐል አንዱ ሃይላንድ ለብቻው በሩ ላይ ይቆማል፤ ጠበል ነው፣ ማንም አይነካውም።

ቀጥሎ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በጠርሙስ፣ ንጥር ቅቤ፣ ድልህ፣ የተሠራ ሽሮ፣ የእንጀራ እርሾ በጆግ። ሳያስቡት ጽፈውት ይሆናል እንጂ ይሄ አስገራሚ ነው፦ እናቶቻችን ፍሪጅ ውስጥ ያስገቡት ፍሪጅ የማያስፈልጋቸውን ነገሮች ጭምር ነው! ንጥር ቅቤ ያለ ፍሪጅ ዘመናትን ኖሯል። አዲሱ ሣጥን መጣና አሮጌው እውቀት ውስጡ ገብቶ ተቀመጠ።

የጾም ጊዜ ሌላ ነው። አንዲት ተማሪ የፍሪጃቸውን ሥዕል ሠርታ ከላይኛው መደርደሪያ "የጾም"፣ ከታችኛው "የፍስክ" ብላ ጽፋበታለች። ሌላው ደግሞ በረመዳን ሳምቡሳው ሳይጠበስ ተጠቅልሎ እንደሚደረደር፣ ቴምርና ቀዝቃዛ ውሃ ከፊት እንደሚቀመጥ ጽፏል። የሃይማኖት ቀን መቁጠሪያ ፍሪጅ ውስጥ አለ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

እንጀራስ? ብዙዎቹ "እማዬ ፍሪጅ ውስጥ እንጀራ አታስገባም፣ ይደርቃል" ብለዋል። እማዬ ልክ ናት። በፍሪጅ ቅዝቃዜ የእንጀራም ሆነ የዳቦ ስታርች ቶሎ ተሰብስቦ ይጠነክራል፣ እንጀራው ይሰባበራል። ከፍሪጅ ይልቅ ፍሪዘር ይሻለዋል፤ ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችን ፍሪዘራቸውን በእንጀራ የሚሞሉት ለዚህ ነው። እዚህ ግን መሶብ ሥራውን ይሠራል፤ ሦስት ቀን። ከሦስት ቀን በኋላ ወይ ፍርፍር ነው ወይ ድርቆሽ። ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ሻንጣ ደግሞ ፈትሹት፦ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ንጥር ቅቤ። አውሮፕላን ላይ የተጫነው ያው የድሮ ዘማች ስንቅ ነው።

ፍሪጅ የሌላቸው ልጆች የጻፉት ግን ይበልጥ ያዘኝ። አንዱ እንዲህ ዓይነት ነገር ጻፈ፤ ቤታችን ምግብ አይተርፍም፣ ስለዚህ አይበላሽም። ሌላ ማብራሪያ አልጨመረበትም። እኔም ወረቀቱ ላይ ሙሉ ነጥብ ከመስጠት ውጪ ምንም መጻፍ አልቻልኩም።

፯. በሰው ፍሪጅ ያለ ሕይወት

ከዝርዝሮቹ ውስጥ ምግብም መጠጥም ያልሆነ አንድ ነገር ነበር። ኢንሱሊን።

እኔ የምኖርበት ግቢ ውስጥ ያሉት የኪራይ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ፍሪጅ ያላቸው አከራያችን እማማ ብቻ ናቸው። በፍሪጃቸው በር ላይ፣ ከእንቁላሉ ጎን፣ በንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ ሁሌ ትንንሽ ጠርሙሶች አሉ። የእሳቸው አይደሉም። ከጀርባ ያለው ቤት የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጅ የስኳር ሕመም አለባት። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ ከሞቀ ኃይሉን ያጣል፣ በረዶ ከሆነም ይበላሻል። ስለዚህ የዚያች ልጅ ሕይወት በጎረቤት ፍሪጅ በር ላይ ይቀመጣል። እማማ ቤታቸውን ቆልፈው ለቅሶ ሲሄዱ ቁልፉን ለልጅቷ እናት ሰጥተው ነው የሚሄዱት። ያቺ የመቀነት ቁልፍ ትዝ አለቻችሁ? አሁን በሰው እጅ ናት።

መብራት ለሁለት ቀን ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ነገር ታያላችሁ። እማማ ፍሪዘር ውስጥ ያለውን ሥጋ አውጥተው ከሰል ያያይዛሉ፣ ግቢው ሁሉ ይጠራል። ኢንሱሊኑ ግን ከእንስራው አጠገብ፣ እርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ሸክላ ውስጥ ይገባል። ይህን ማንም አላስተማራቸውም ብላችሁ እንዳታስቡ፤ እንስራ አስተምሯቸዋል። ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ አንዱን ሸክላ በሌላ ሸክላ ውስጥ ከቶ፣ በመሐሉ እርጥብ አሸዋ ሞልቶ የሠራው "ፍሪጅ" በ2000 የሮሌክስ ሽልማት አግኝቷል። በሦስት ቀን የሚበላሽ ደበርጃን እስከ 27 ቀን አቆይቷል። ሐኪሞችም ፍሪጅ በሌለበት ሞቃት አገር ለኢንሱሊን የሸክላ ዕቃ ዘዴን ይመክራሉ።

የክትባት ታሪክ ደግሞ ይህንኑ ያጠናክራል። ሁለት ስዊድናውያን ተማሪዎች፣ ፎን ፕላተንና ሙንተርስ፣ በ1922 ሞተር የሌለው፣ በእሳት ሙቀት የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ ፈጠሩ። በላምባ የሚሠራው ፍሪጅ የዚህ ልጅ ነው፤ መብራት በሌለበት ጤና ጣቢያ ሁሉ ክትባት ያቆየ እሱ ነው። በአገራችን መደበኛው የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም በ1980 ሲጀመር ትልቁ ጭንቀት ይኸው የቅዝቃዜ ሰንሰለት ነበር፤ ከአየር ማረፊያ እስከ ገጠር ቀበሌ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ክትባቱ ውሃ ነው።

ፈንጣጣን ያጠፋው ክትባት ግን ሌላ መንገድ ነው የሄደው። አድርቀውት ነበር! በብርድ ደርቆ ዱቄት የሆነው ክትባት ሙቀት ስለሚችል በበቅሎና በእግር ተራራውን ወጥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ የመጨረሻው መንደር ደረሰ። የኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ በነሐሴ 1976 ተገኘ፤ በዓመቱ ከሶማሊያ ጠፋ፣ ከዓለም ተፈጥሮ ጠፋ። ዓለምን ያሸበረው በሽታ የተሸነፈው በቋንጣ ዘዴ ነው ብል የሚቀየመኝ ሐኪም ያለ አይመስለኝም።

፰. ምን አገኘን፣ ምን ልናጣ ነው?

"ድሮ ቀረ" ብዬ ልጨርስ አልፈልግም። ድሮ ለማን ነበር ጥሩ? በየቀኑ ወጥ የምትሠራ፣ በየቀኑ ገበያ የምትወርድ፣ ዛሬ የተረፈ ነገ ስለማይበላ ከጢስ የማትላቀቅ እናት ነበረች። ፍሪጅ የገባበት ቤት እሑድ ተሠርቶ እስከ ሐሙስ ይበላል፤ እናት ሥራ ትሄዳለች፣ ማታ ትማራለች። ከሥራ ባልደረቦቼ መሐል ዲፕሎማቸውን በማታ ትምህርት ያገኙ እናቶች አሉ። "ፍሪጅ ባይኖር አልማርም ነበር" ያለችኝን መምህርት አምናታለሁ። ፍሪጅ ለሴት ልጅ ጊዜ ሰጥቷል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ሁለት ነገር ያሳስበኛል።

አንደኛው እውቀቱ ነው። ተማሪዎቼን "ቋንጣ መሥራት የሚችል እጁን ያውጣ" ብዬ ነበር። የወጡት እጆች ጥቂት ናቸው። ወተት ቅል በወይራ የሚታጠንበትን ምክንያት የሚያውቅ አልነበረም። መብራታችን ደግሞ የሚመጣበትን ቀን ራሱ ያውቃል። ከደሞዛችን ቦንድ የገዛንበት የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል፤ ነገ ከዛሬ እንደሚሻል ተስፋ አለኝ። እስከዚያው ግን በፍሪጅ ብቻ የሚተማመን ትውልድ ሶኬቱ ሲነቀል ባዶ እጁን ይቀራል። ሁለት ሺህ ዓመት የተጠራቀመ እውቀት በአንድ ትውልድ ሊረሳ እንደሚችል ታሪክ በደንብ አሳይቶናል።

ሁለተኛው ያ ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ነው። ድሮ ትርፍ ያለው ሰው ወይ ያደርቃል ወይ ያካፍላል ብለናል። ፍሪጅ ሦስተኛ ምርጫ ሰጠን፦ ያስቀምጣል። ቅርጫ ዛሬም አለ፣ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ድሮ የበዓል ማግስት ሳህን ተሸፍኖ ከቤት ቤት ይሄድ ነበር፣ ዛሬ ብዙው ሳህን ከምድጃ ወደ ፍሪዘር ነው የሚሄደው። ማንም ክፉ ስለሆነ አይደለም። ማካፈል ደግነት ብቻ ስላልነበረ ነው፤ ግዴታም ነበር፣ ሥጋው ስለማይጠብቅ። ግዴታው ሲነሳ የቀረው ደግነት ብቻ ነው። ደግነት ብቻውን ስንት ሳህን እንደሚያንቀሳቅስ አሁን እያየን ነው።

ለእኔ የእማማ ፍሪጅ መልሱ ነው። ቴክኖሎጂው አዲስ ነው፣ ልማዱ ግን የድሮው። ሣጥኑ የአንድ ሰው ነው፣ ውስጡ ያለው ግን የግቢው። ፍሪጅ ሰውን አይለያይም፣ አያገናኝም፤ ይህን የሚያደርገው በሩን የሚከፍተው እጅ ነው።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። አንደኛ፣ እናታችሁ ወይም አያታችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ደውላችሁ "ፍሪጅ ሳይኖር ሥጋና ወተት እንዴት ታቆዩ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ፣ የሚሉትን ጻፉት፣ እዚህም አጋሩን። የየአካባቢው ዘዴ የተለያየ ነው፤ የጎጃሙ፣ የሐረሩ፣ የሲዳማው፣ የወሎው፣ ሁሉም ይምጣ፣ ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ። ሁለተኛ፣ በግቢያችሁ ወይም በሰፈራችሁ መድኃኒት የሚያስቀምጥበት ያጣ ሰው ካለ፣ በፍሪጃችሁ በር ላይ ከእንቁላሉ ጎን ለአንዲት ብርጭቆ ቦታ አይጠፋም።

መልካም ሰንበት!